ለማሽን የሚነገር ቀን፦ ስለ ሙከራ ጊዜና ስለ እውነት

ሜይንፍሬም የሚባለው ኮምፒውተር የባንክን፣ የመድን ድርጅትን ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ዋና መዝገብ ይዞ በአንድ ጊዜ ሺዎች የሚልኩለትን ጥያቄ የሚያስተናግድ ግዙፍ ማሽን ሲሆን፣ በእርሱ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ውሳኔያቸውን የሚሰጡት የዕለቱን ቀን ጠይቀው ነው። የብድር መክፈያ ማለፉን፣ ወለድ የሚታሰብባቸው ቀናት ስንት እንደሆኑ፣ አንድ ሠራተኛ ለጡረታ መድረስ አለመድረሱን የሚለዩት ከዚያ ቀን ጋር በማነጻጸር ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ፕሮግራሙ ወደፊት በሚመጣ ቀን እንዳይሰናከል አስቀድመው ለመፈተን ሲፈልጉ፣ ያ ቀን ገና ሳይደርስ እንደ ደረሰ አድርገው ለፕሮግራሙ ይነግሩታል። አሠራሩ በሙያው ዘንድ የተለመደ የጥንቃቄ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ከጥንቃቄው ሥር አንድ የቆየ የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄ አለ። ያልደረሰውን ቀን ደርሷል ብሎ መናገር ሐሰት ነውን? ሐሰት ካልሆነስ ከሐሰት የሚለየው ድንበር የቱ ላይ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሶዶ ጉራጌ ምድር የምትገኘው ጥያ ለዚህ ጥያቄ የተመቸች መመልከቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የጥያ ሥፍራ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ 32ቱ የሰይፍ ቅርጽና ትርጉማቸው በአብዛኛው ያልተፈታ ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል። በድንጋዮቹ ላይ የሰው ስም አልተጻፈም፤ ዓመተ ምሕረትም አልተጻፈም። ሰው ደግሞ ቀን በሌለው ነገር ላይ የራሱን ቀን ማሳረፍ ልማዱ ነውና፣ የአካባቢው ነዋሪዎች «የግራኝ ድንጋይ» እያሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1543 ከሞቱት ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመን ጋር ሲያያይዟቸው ኖረዋል፤ በድንጋዮቹ ሥር በቁፋሮ የተገኙት መቃብሮች ግን ከኢማሙ ዘመን የሚቀድሙ ናቸው። ለድንጋዩ በትውፊት የተሰጠው ቀንም፣ ለማሽኑ በፍተሻ ጊዜ የሚሰጠው ቀንም ከነገሩ ውጭ የመጡና ከነገሩ ጋር የማይገጥሙ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ እንደሆነ ለመወሰን አስቀድሞ ማሽኑ ቀኑን ከየት እንደሚያገኝ መመርመር ያስፈልጋል።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን የማሽን ቤተሰብ ካስተዋወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ተከትሎ በመጣው በሲስተም 370 ላይ አንድ ልዩ የሰዓት ቆጣሪ ተጨመረ። ቆጣሪው 64 ቢት፣ ማለትም 64 የዜሮና የአንድ ቦታዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 52 ቦታዎች እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1900 መነሻ ጀምሮ ያለፉትን ማይክሮሰከንዶች፣ ማለትም የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎችን፣ ይቆጥራሉ። ስለዚህ በማሽኑ ውስጥ መስከረም ወይም ጥቅምት፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሳያቋርጥ የሚያድግ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀንና ወር የሚሆነው ያ ቁጥር በፕሮግራም ሲተረጎም ነው። ቁጥሩ የተሰጠው ቦታ ደግሞ ወሰን አለው፤ 52ቱ ቦታዎች የሚሞሉት 143 ዓመት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 2042 በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 2035 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ላይ ይውላል። አምራቹ በስተግራ ስምንት ቢት የጨመረ ሰፊ ቆጣሪ ያዘጋጀ ቢሆንም፣ በአሮጌው ቅርጽ የተጻፉ ፕሮግራሞች ያቺ ሌሊት ስታልፍ ምን እንደሚያደርጉ ማወቅ የሚቻለው አስቀድሞ ወደዚያች ሌሊት ወስዶ በመፈተን ነው።

መውሰጃው መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሰዓቱን ራሱን ማንቀሳቀስ ሲሆን፣ ማሽኑን ወይም ከማሽኑ ተለይቶ የታጠረ አንድ ክፍል በአዲስ ቀን እንደገና ማስነሣትን ይጠይቃል። በዚህ መንገድ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ፣ ማሽኑን ከሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጀምሮ እስከ ትንሿ ፕሮግራም ድረስ፣ አዲሱን ቀን ይቀበላል፤ አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። እስከ ተወሰነ ቀን እንዲቆዩ የታዘዙ መዝገቦች ጊዜያቸው እንዳለፈ ተቆጥረው ሊጠፉ፣ የይለፍ ቃሎች ሊሽሩ፣ በጊዜ የተገደቡ የሶፍትዌር ፈቃዶች ሊቋረጡ፣ ለዚያ ቀን የተቀጠሩ ሥራዎችም ሳይጠሩ ሊነሡ ይችላሉ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈባቸው መዝገቦች ይቀራሉ፤ የቱ ክንውን እንደቀደመና የቱ እንደተከተለ በቀኑ ቅደም ተከተል የሚለይ ሥርዓት ሁሉ ይናጋል። ሁለተኛው መንገድ ሰዓቱን ሳይነኩ መልሱን መለወጥ ነው። አንድ ፕሮግራም ቀን ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል፤ በጠያቂውና በመላሹ መካከል የሚቆም ሌላ ፕሮግራም ጥያቄውን ጠልፎ፣ የተፈታኙ ከሆነ የሙከራውን ቀን፣ የሌላ ከሆነ የዕለቱን ቀን ይመልሳል። በዚህ መንገድ በአንድ ማሽን ላይ አንዱ ሠራተኛ የዛሬን ሥራ ሲሠራ ሌላው 2035 ዓ.ም.ን ይፈትናል፤ ሰዓቱም ለሁለቱም ሳያዳላ መቁጠሩን ይቀጥላል። ሁለተኛውም መንገድ ግን ስንኩል ጎን አለው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሳይጠይቅ ቆጣሪውን በቀጥታ የሚያነብ ፕሮግራም ከጠለፋው ያመልጣል፤ ቀኑን ከዳታቤዝ፣ ማለትም ከመረጃ ማከማቻ ሥርዓት፣ የሚጠይቅ ፕሮግራምም ዳታቤዙ በሌላ ክፍል የሚሠራ በመሆኑ ከአንዱ የዛሬን፣ ከሌላው የነገን ቀን ሰምቶ በሁለት ቃል ሊያዝ ይችላል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለዚህ ልዩነት እጅግ የቀረበ ታሪክ የንጉሥ ሕዝቅያስ ነው። ንጉሡ ታምሞ ለሞት በቀረበ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት እንደሚጨመርለት ነቢዩ ኢሳይያስ ሲነግረው ምልክት ለመነ፤ ምልክቱም በአካዝ ደረጃ ላይ የወረደው ጥላ አሥር ደረጃ ወደ ኋላ መመለሱ ነበር። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 20 ላይ የተመለሰው ጥላው እንደሆነ ሲነገር፣ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ላይ ግን ፀሐይ እንደተመለሰች ተጽፏል። የተመለሰችው ፀሐይ ከሆነች የፍጥረት ሁሉ ሥርዓት አብሯት ተመልሷል ማለት ነው፤ የተመለሰው ጥላው ብቻ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ መንገዷን ሳትለቅ አንድ ንጉሥ በአንድ ደረጃ ላይ የሚያነበው ምልክት ተለውጧል። በሁለተኛው መጽሐፈ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 32 የባቢሎን መልእክተኞች በምድሪቱ ላይ ስለተደረገው ተአምር ሊጠይቁ መምጣታቸው ስለሚነገር፣ ምልክቱ በዚያች ምድር የተወሰነ እንደሆነ የሚያስቡ ተርጓሚዎች ለሐሳባቸው ድጋፍ ያገኙበታል። ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ፈታኝ ፀሐይን የመመለስን መንገድ ይሄዳል፤ መልሱን የሚጠልፈው ፈታኝ ጥላውን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ከታሪኩ የሚገኘው ሌላው ቁም ነገር ምልክቱ ያለ ምስክር አለመሰጠቱ ነው፤ ጥላው ወደ ኋላ እንዲመለስ የጠየቀው ንጉሡ ራሱ ስለሆነ፣ የሚያየው ነገር የተለመደው የቀን አካሄድ እንዳልሆነ እያወቀ አየ።

ይህ ልዩነት ጊዜ ራሱ ምንድን ነው ወደሚለው ጥያቄ ይመራል። አርስቶትል ፊዚክስ በተባለው መጽሐፉ በአራተኛው ክፍል ጊዜን ከቀደመና ከተከተለ አንጻር የሚታይ የእንቅስቃሴ ቁጥር አድርጎ ተርጉሞታል፤ በእርሱ ዘንድ የሚቆጠር እንቅስቃሴ ከሌለ ጊዜ የለም፤ የሚቆጥር ነፍስ ከሌለስ ቁጥሩ ይኖር እንደሆነ ራሱ ጠይቋል። ከእርሱ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣው አውግስጢኖስ ደግሞ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በአሥራ አንደኛው ክፍል ያለፈው አሁን የለም፣ የሚመጣው ገና የለም፣ ስለዚህ ሰው ጊዜን የሚለካው በነፍሱ ውስጥ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል፤ ያለፈው በትዝታ፣ ያለው በማስተዋል፣ የሚመጣው በተስፋ ይያዛል። የሜይንፍሬሙ ቆጣሪ በአርስቶትል ትርጉም ጊዜን የያዘ ይመስላል፤ የክሪስታል ንዝረት የሚባል እንቅስቃሴ አለው፣ ቁጥርም አለው። አውግስጢኖስ የጠየቀው ግን በውስጡ አይገኝም፤ ቆጣሪው ትናንትን አያስታውስም፣ ነገንም አይጠብቅም፣ አሁን የሚባለውን የሚያውቀው ሲጠየቅ በሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ አካል የሙከራ ቀን ሲነገረው ከነበረበት እምነት አይናወጥም፤ ከመጀመሪያውም ዛሬ ቀኑ ይህ ነው የሚል እምነት አልነበረውም።

አሁን የሚለውን ነጥብ በስምምነት መትከል ኮምፒውተር ያመጣው አዲስ ነገር እንዳልሆነ የጥያን መሰል መቃብሮች ዕድሜ ለመለካት የሚያገለግለው ሳይንስ ራሱ ይመሰክራል። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊላርድ ሊቢ ያመነጨውና እ.ኤ.አ. የ1960ን የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት የራዲዮካርቦን ልኬት፣ ሕይወት የነበረው አካል ከሞተ በኋላ በውስጡ እየቀነሰ የሚሄደውን የካርቦን ዓይነት በመለካት ዕድሜ የሚገምት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ አንድ አጥንት ወይም ከሰል ከዛሬ ይህን ያህል ዓመት በፊት የነበረ ነው ሲባል፣ ዛሬ የሚባለው ዓመት በሁሉም ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. 1950 ነው። የተመራማሪው ጽሑፍ የወጣበት ዓመት ምንም ይሁን ምን ይህ ዛሬ አይንቀሳቀስም፤ ዓመት እያለፈ ሲሄድ የቀደሙ ውጤቶች እንዳይምታቱና በአየር ላይ የተደረጉ የኑክሌር ፍንዳታዎች የከባቢ አየሩን ካርቦን ስለለወጡት፣ ከዚያ በፊት ያለ አንድ የጸና መነሻ አስፈልጓል። እንግዲህ አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. 1950ን ዛሬ ብለው ሲጽፉ የሚዋሹ አይደሉም፤ ውሉን የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ቁጥሩን አስተካክሎ ያነበዋል። ውሉን የማያውቅ ሰው ግን በዚያው ቁጥር ሊሳሳት ይችላል፤ የዚህ አንባቢ ጉዳይ በሙከራ ቀንም ላይ የሚነሣ ነው።

የሙከራ ቀን ጥቅም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ላይ ከሌላው ዓለም ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ማሽኖችና የፕሮግራም ቋንቋዎች የተሠሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ታስበው ነው። ለዓመቱ 12 ወር ብቻ የሚፈቅድ ፕሮግራም 13ኛውን ወር ጳጉሜን አይቀበልም። የኢትዮጵያን ቀን በጎርጎርዮሳዊ የቀን ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ደግሞ ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም ብሎ ጥቅምት 30ን ይመልሳል፤ ጥቅምት 29ንም የሚቀበለው ያ ዓመት በጎርጎርዮሳዊው ሕግ 366 ቀን ያለው ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የዘመን መለወጫውና የሒሳብ መዝጊያው አይገጥሙም፤ የበጀት ዓመቱም ጳጉሜን በመካከሉ ይዞ ያልፋል። የሌላው ዓለም ባለሙያዎች ዓመትን በሁለት አሃዝ የጻፉ ፕሮግራሞች 99 ካለፈ በኋላ 00ን ወደ ኋላ የተመለሰ ዘመን አድርገው እንዳይቆጥሩት የፈሩት እ.ኤ.አ. የ2000 መባቻ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሁለት አሃዝ የሚጽፍ ፕሮግራም ያንኑ ፈተና የሚገጥመው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከፍ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2007 ላይ ነበር። በኢትዮጵያው ፈተና ላይ ሁለት ወጥመዶች በተከታታይ ቀን ተደርድረዋል፤ 1999 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች፤ በማግስቱ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ገባ። አምስት ቀን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም በመጀመሪያው ወጥመድ፣ ሁለት አሃዝ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም በሁለተኛው ይያዛል።

ወደፊት ያለው ወሰን ከዚህም የረቀቀ ነው። ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2100 የካቲትን 29 ቀን አያደርጋትም፤ የኢትዮጵያው አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጉን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. በጎርጎርዮሳዊው መስከረም 12 ቀን 2100 ላይ ይውላል፤ ተከትሎ የሚመጣው ገናም፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ዛሬ እንደተለመደው ጥር 7 ላይ ሳይሆን ጥር 8 ቀን 2101 ላይ ይሆናል። ሁለቱን አቆጣጠሮች በቋሚ ቁጥር የሚያገናኝ ፕሮግራም እስከዚያ ድረስ ያለ እንከን ሠርቶ ከዚያ በኋላ በየዕለቱ በአንድ ቀን ይስታል፤ ስሕተቱን ዛሬ ማየት የሚቻለውም ማሽኑ በዚያ ዘመን ላይ እንዳለ ሆኖ ሲጠየቅ ነው።

ያልደረሰን ዓመት እንደ ደረሰ አድርጎ ማስላት ግን ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው አሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ሥርዓት፣ ማንኛውንም ዓመት በቀመር ውስጥ አስገብቶ ፋሲካው የት እንደሚውል ይናገራል። ለምሳሌ 2000 ዓ.ም. ሲወሰድ፣ በ5500 ዓመተ ዓለም ላይ ተደምሮ 7500 ይሆናል፤ በ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 13 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 23፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 7 ይወጣል፤ የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 መሆኑ ስሌቱን ራሱን ይፈትነዋል። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 7 ይውላል፤ ዕለቱ ሐሙስ ነውና ለሐሙስ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ ተውሳኩ፣ 3 ተጨምሮ መባጃ ሐመር የሚባለው ቁጥር 10 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 10፣ ፋሲካም ሚያዝያ 19 ላይ ያርፋል። የጨረቃው የ19 ዓመትና የፀሐዩ የ28 ዓመት ዑደት አብረው የሚመለሱት በ532 ዓመት ስለሆነ፣ ዐቢይ ቀመር የሚባለውን ይህን ዙር የያዘ መሪጌታ ገና ያልተወለዱ ሰዎች የሚጾሙትን ጾም ዕለት በእጁ ጣት ቆጥሮ ይናገራል። መሪጌታው ይህን ሲያደርግ ነገን አየሁ አይልም፤ ዓመቱ ከደረሰ ሥርዓቱ ይህ ነው ይላል።

በቡታጅራና በወልቂጤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ስለሚኖሩ፣ ለከተማው ገበያና ለባንኩ ቆጣሪ ሁለት ዓይነት ቀን በአንድ ጊዜ ይሠራል። መስቀል መስከረም 17 ላይ የጸና ነው፤ ከከተማ ወደ አገር ቤት የሚጎርፈው የጉራጌ ተጓዥ ዓመት አስቀድሞ ያውቀዋል። አረፋ ግን በጨረቃ ወር ስለሚቆጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ ቀኑም የሚጸናው የወሩ አዲስ ጨረቃ ስትታይ ነው። በእስልምና ሊቃውንት መካከል ወሩ በዓይን ምስክርነት ይግባ ወይስ በስሌት የሚለው ጥያቄ ለዘመናት ሲከራከሩበት የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1355 ያረፉት የሻፊዒያው ሊቅ ተቂዩዲን አስ-ሱብኪ ስሌቱ ጨረቃዋ ፈጽማ ልትታይ እንደማትችል ካሳየ አየሁ የሚለው ምስክር ተቀባይነት እንደማይኖረው አስተምረዋል፤ ብዙዎች ግን ትእዛዙ ከማየት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ስሌት ብቻውን ወር አያስገባም ብለዋል። ከዚህ ክርክር ለሙከራ ቀን የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በባሕረ ሐሳብ የሚወሰነው በዓል በቀመር ስለሚገዛ ማሽን ሙሉ በሙሉ ሊያስመስለው ይችላል፤ በእይታ የሚጸናው በዓል ግን አንድ ክንውን ይጠብቃል፤ ክንውንን ደግሞ ቁጥር በመቀየር ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ ለአረፋ የሚፈተን ፕሮግራም በአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ሊውል በሚችልባቸው ቀናት ሁሉ ሊፈተን፣ ቀኑም በሰው እጅ ሊገባለት የሚችል ሆኖ ሊሠራ ይገባዋል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ሲመለሱ፣ አውግስጢኖስ ስለ ሐሰት በጻፈው ድርሳን ሐሰትን የሚለየው በቃሉና በነገሩ መካከል ባለው አለመግጠም ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል። የሚያምነውን የሚናገር ሰው ቢሳሳት እንኳ ዋሽቷል አይባልም፤ ቀልደኛም ንግግሩና አኳኋኑ ቀልድነቱን ስለሚገልጥ ከሐሰተኛ አይቆጠርም፤ ሐሰት የሚሆነው በልብ አንድ ነገር ይዞ ሌላ በመናገር ለማሳሳት ማሰብ ሲጨመርበት ነው። በዚህ መለኪያ በፈታኙና በፕሮግራሙ መካከል የሚሆነው ነገር ሐሰት አይሆንም፤ ፕሮግራሙ የሚያምን ልብ የለውምና ሊታለል አይችልም፤ ፈታኙም የሚያደርገውን በግልጽ ለባልደረቦቹ አሳውቆ ነው። የሚታለል ሰው የሚገኘው ከዚህ ክበብ ውጭ ነው። የሙከራው ቀን የታተመበት ደብዳቤ ወደ ደንበኛ ቢሄድ፣ በሙከራ የተመዘገበ ክፍያ ከእውነተኛው መዝገብ ጋር ቢቀላቀል፣ ወይም ነገ የተፈጸመ የሚመስል ውል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ቢቀርብ፣ ያን ወረቀት የሚያነበው ሰው የፍተሻውን ስምምነት አያውቅም፤ እርሱ ዘንድ ያ ቀን ምስክርነት ነው፤ ሐሰተኛ ምስክርነትም ይሆናል። ሆን ብሎ ያለፈ ቀን ጽፎ ሰነድ ማዘጋጀትን ከፍተሻ የሚለየው ነገር ይኸው ነው፤ ቴክኒኩ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሰነድ አዘጋጁ ቀን ግን ከጅምሩ የታሰበው ለመዝገቡና ውሉን ለማያውቅ አንባቢ ነው።

በዚህ መሠረት ለድንጋዩና ለማሽኑ የተሰጡት ቀናት ልዩነታቸው ይታያል። ጥያን ከግራኝ ዘመን ጋር ያያያዘው ትውፊት ለማታለል አልተነሣም፤ ስለዚህ በአውግስጢኖስ ሚዛን ሐሰት ሳይሆን ስሕተት ነው። ነገር ግን ግምትነቱን የሚገልጥ ምልክት ሳይኖረው ወደ መጠሪያ ስም ገባ፤ መጠሪያ ስም ደግሞ ከመዝገብ ሁሉ የሚጸና በመሆኑ የተቀበረውን ሕዝብ ከታሪኩ ለየው። በጥንቃቄ የተያዘ የሙከራ ቀን ከነገሩ ከዚህ ግምት ይልቅ የራቀ ቢሆንም፣ ሙከራነቱን የሚገልጥ ምልክት ተሸክሞ ስለሚሄድና ሲያበቃ ስለሚጠፋ ጉዳት አያደርስም። ስለዚህ ቀን በእውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዕለቱ ጋር ባለው ርቀት አይለካም፤ የሚለካው ሁኔታውን የሚያስረዳውን ምልክት አውልቆ ወደ መዝገብ በመግባቱ ነው።

የሙከራ ቀን ሌላው ወሰን ቁጥሩን ብቻ ማምጣቱ ነው። በ1990 ዓ.ም. አንድ የመዝገብ ፕሮግራም በ2016 ዓ.ም. ቀን ቢፈተን ኖሮ፣ ዘመነ ዮሐንስ በመሆኑ ገና ታኅሣሥ 28 እንደሚውል፣ ከእርሱ በፊት ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደነበረች በትክክል ሊያወጣ ይችል ነበር። በዚያው ፍተሻ ግን ጥያ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ሆና ትታይ ነበር፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚባል ክልል እንደሚመሠረት፣ በ2013 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ባለ 200 ብር ኖት እንደሚወጣ የትኛውም ቆጣሪ ሊነግረው አይችልም ነበር። አውግስጢኖስ የሚመጣው ጊዜ በነፍስ ውስጥ በተስፋ ይያዛል ሲል የተናገረው ነገር እዚህ ላይ ፍሬ ያፈራል፤ ማሽኑ የወደፊቱን ቀን ሲቀበል የሚያየው ዛሬን በነገ ስም ነው፤ ሕጉ፣ ብሩ፣ ወሰኑ፣ ሰዉ ሁሉ የዛሬ ሆነው ይቀራሉ። ስለ ቀኒቱና ስለ ሰዓቲቱ ማንም አያውቅም የሚለው የወንጌል ትምህርት ለመጨረሻው ዘመን የተነገረ ቢሆንም፣ ቀንን በመቁጠርና በቀኑ የሚሆነውን በማወቅ መካከል ያለውን ርቀት ለሚመረምር ሰው ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ የሙከራ ቀን ንግግር በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ንግግር መሆኑ ነው። ሥነ አመክንዮ፣ ማለትም የትክክለኛ አስተሳሰብ ሥርዓት፣ ይህ ከሆነ ያ ይሆናል የሚለውን ንግግር ይህ ሆኗል ከሚለው ይለየዋል፤ የመጀመሪያው ሁኔታው ሳይደርስም እውነት ሊሆን ይችላል። የያዕቆብ መልእክት በአራተኛው ምዕራፉ ነገ ወደዚህ ከተማ ሄደን እንነግዳለን የሚሉትን ነጋዴዎች የሚገሥጻቸው መነገዳቸውን ጠልቶ አይደለም፤ ዕቅዳቸውን ከሁኔታው ነጥለው እንደ ተፈጸመ ነገር ስለተናገሩት ነው። የጉራጌ ነጋዴም ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ ለማምጣት ሲቀጥር የፈጣሪን ፈቃድ ሳያስቀድም ቀን አለመቁረጥ ልማዱ ነው። የፍተሻ ሪፖርትም በዚሁ ሥርዓት ሊጻፍ ይገባዋል፤ ፕሮግራሙ መስከረም 8 ቀን 2035 ዓ.ም. ያለ እንከን ይሠራል ብሎ ከመደምደም ይልቅ፣ የትኛው መዝገብ፣ የትኛው ሕግና የትኛው የብር ኖት ባለበት እንደተፈተነ፣ ቀኑም በሰዓቱ ወይስ በመልሱ እንደተለወጠ ሊገልጥ፣ የሙከራው መዝገብም ከእውነተኛው ተለይቶ መታጠሩንና ሲያበቃ መጥፋቱን ሊያረጋግጥ ይገባል። እንዲህ የተጻፈ ሪፖርት ስለ ነገ አንዳች ትንቢት አይናገርም፤ የተናገረውን ሁሉ ግን ያ ሌሊት ሲደርስ ማንም ሰው መርምሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።